የልጃችሁን ክብደት በየወሩ ስትከታተሉ

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሁለት እናቶች ደረጃ ላይ ከተገናኙ ወሬው ቶሎ «ያንቺስ ስንት ኪሎ ገባ?» ላይ ይደርሳል። የጎረቤትን ኪሎ ተዉት። ልጃችሁን ማስተያየት ያለባችሁ ካለፈው ወር ከራሱ ጋር ነው።

የዕድገት ካርዱ ላይ ወደ ላይ የሚወጡ መስመሮች አሉ። ልጁ እስከ 2 ዓመቱ በየወሩ ይመዘናል፣ ነጥብ ይደረጋል፣ ነጥቦቹ ይያያዛሉ። ቁጥሩ ብቻ ተጽፎ ከተመለሰላችሁ «እባክሽ መስመሩንም አሳዪኝ» በሉ።

ብዙ ልጅ የሚያመልጠን መሃል ላይ ነው። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ለክትባት ስለምንሄድ በዚያው እናስመዝናለን፤ ከዚያ ግን ብዙዎቻችን እስከ 9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ድረስ ብቅ አንልም፣ ልጁ ደግሞ ከጡት ሌላ ምግብ የሚጀምረው በ6 ወሩ፣ ልክ እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። የእኔ ልጅ 7 ወር ሞልቷት 8 እስኪሆናት ምንም አልጨመረችም። «ጥርስ ልታወጣ ነው» አሉኝ፣ «ዓይን ገብቷት ነው» ያለኝም አለ። ለካ አጥሚቱ ነው። ቀጭን ስለነበር ሆዷን ይሞላዋል እንጂ አያጠግባትም። ገንፎውን ማንኪያ ላይ እስኪቆም አወፈርኩት፣ የሽምብራ ዱቄት ቀላቀልኩበት፣ እንቁላልና ትንሽ ዘይት ጨመርኩ፣ ጡቱንም አላቋረጥኩም። በሚቀጥለው ወር መስመሩ ተነሳ።

ስታስመዝኑ ልብሱንም ዳይፐሩንም አውልቁ። በሐምሌ ብርድ ልጅ ማራቆት እንደሚያሳሳ አውቃለሁ፣ ግን ሹራቡ የቀነሰውን ይደብቅባችኋል። ተንጠልጣይ ሚዛን ከሆነ ከልጁ በፊት ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ። ቁመት ከ2 ዓመት በታች ተኝቶ፣ ከዚያ በላይ ቆሞ ይለካል።

ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይቀንሳል፣ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሰዋል። 3 ኪሎ የተወለደ ልጅ በ5 ወሩ አካባቢ 6፣ በዓመቱ ደግሞ ወደ 9 ኪሎ ይጠጋል። ይህ ግምት ነው። ትንሽ የተወለደ ልጅ በራሱ መስመር ሽቅብ እየሄደ ከሆነ ደህና ነው፤ ወፍራም ሆኖ መስመሩ የተኛበት ልጅ ነው የሚያሳስበኝ። መስመሩ ከተኛ ወይም ከወረደ ቀጠሮ አትጠብቁ። ተቅማጥ ነበረው? ስንቴ ይበላል? ጡት ቀንሷል? ይህን አስባችሁ ሄዳችሁ ንገሩ።

ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ባለቀለሙ ጥብጣብ የግራ ክንዱን ትለካለች። 12.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ከዚያ በታች እስከ 11.5 ቢጫ፣ ከ11.5 በታች ቀይ። ቀይ ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ሁለቱም እግሮቹ አብጠው በአውራ ጣት ጫን ስትሉት ጉድጓዱ ከቀረም እንደዚያው፤ እብጠቱ ኪሎውን ስለሚያበዛው ሚዛኑ ደህና ነው ቢላችሁ እንኳ አትመኑት።