የላቦራቶሪ ማትነኛ መሣሪያ እንዴት ይመረጣል?

የግራዋ ቅጠል በኢታኖል ዘፍዝፈው አጥልለዋል እንበል። በእጅዎ ያለው ግማሽ ሊትር አረንጓዴ ፈሳሽ ነው፤ የሚፈልጉት ግን ኢታኖሉ ወጥቶለት የሚቀረውን ጥቂት ግራም ነው። ለዚህ መሣሪያ ሲገዙ ካታሎግ ማገላበጡን ለመጨረሻ ያቆዩት።

መጀመሪያ አሟሚውን፣ ማለትም እንደ ኢታኖል ሌላውን ነገር የሚያሟማውን ፈሳሽ፣ ይወቁ። አሴቶን በ56፣ ሜታኖል በ65፣ ኢታኖል በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላሉ። ግፊቱ ሲቀንስ የመፍያ ነጥቡም ይወርዳል፤ ኢታኖል በ175 ሚሊባር ገደማ በ40 ዲግሪ ይፈላል፤ ሙቀት የማይችል ንጥረ ነገርም ሳይበላሽ ይተርፋል። ዲሜቲል ሰልፎክሳይድ የተባለው አሟሚ ግን በ189 ዲግሪ የሚፈላ ግትር ነውና ብርቱ ቫኪዩም (እጅግ ዝቅ ያለ ግፊት) ይጠይቃል።

ቀጥሎ የናሙናውን መጠንና ብዛት ይመልከቱ። ከሃምሳ ሚሊ ሊትር እስከ ጥቂት ሊትር የሚሆን አንድ ናሙና ከሆነ ሮታሪ ኢቫፖሬተር ይበቃል። በዚህ መሣሪያ ከግማሽ በላይ ያልተሞላ ፍላስክ (የመስታወት ጠርሙስ) በሞቀ ውሃ ገንዳ ውስጥ ሲሽከረከር ፈሳሹ በግድግዳው ላይ ስስ ሆኖ ይሰራጫል፤ ቶሎ የሚተነውም ለዚህ ነው። በርካታ ትንንሽ ብልቃጦች ካሉዎት ናይትሮጅን የሚነፋ መሣሪያ፣ ሙቀት የማይወድ የውሃ ናሙና ከሆነ ደግሞ በረዶ አድርጎ የሚያደርቅ መሣሪያ ይሻላል።

አሁን አየሩን እየሳበ ግፊቱን ወደሚቀንሰው ፓምፕ። ብዙ ገዢ ገንዘቡን በሚያብረቀርቀው መስታወት ላይ ጨርሶ ፓምፑን ከተረፈው ይገዛል፤ እኔ ብሆን ተገላቢጦሹን አደርጋለሁ። በዘይት የሚሠራ ፓምፕ የአሟሚ ትነት ሲገባበት ዘይቱ ይበላሻል፤ ውስጡ በቴፍሎን የተሸፈነ፣ ያለ ዘይት በሚተጣጠፍ ስስ ሽፋን የሚሠራ የዲያፍራም ፓምፕ ግን ይችለዋል። የግፊት መለኪያውንም ልብ ይበሉ። ርካሹ ባለ ቀስት መለኪያ ዜሮ የሚለው የአካባቢውን የአየር ግፊት ነው። ያ ግፊት በባሕር ጠለል 1,013፣ አዲስ አበባ ላይ ግን 770 ሚሊባር ገደማ ነው። ስለዚህ ቀስቱ 600 ሚሊባር መቀነሱን ሲያሳይ በባሕር ጠለል 413፣ አዲስ አበባ 170 ይቀራል። የውጭ መመሪያ ተከትሎ ቀስቱን እዚያው ያደረሰ ሰው ኢታኖሉ በድንገት ገንፍሎ ትነቱን መልሶ ፈሳሽ ወደሚያደርገው ማቀዝቀዣ ሲዘልቅበት ያያል። ትክክለኛውን ፍጹም ግፊት (በውስጡ የቀረውን ግፊት ራሱን) በዲጂታል የሚያሳይ ይምረጡ።

ማቀዝቀዣው እንዲመጥን አንድ ቀላል ሕግ አለ፦ ገንዳው 60፣ ትነቱ 40፣ ቀዝቃዛው ውሃ 20 ዲግሪ። የቧንቧ ውሃ ለኢታኖል ይሆናል፤ ነገር ግን ውሃው በሥራ መሀል ከተቋረጠ ትነቱ ሳይያዝ በፓምፑ አልፎ ወደ ክፍሉ ይወጣል። አቅም ካለ ውሃውን እያቀዘቀዘ መልሶ የሚያዞር ማሽን ይግዙ።

መብራት የሚጠፋበት ቦታ ከሆነ ኃይል ሲቋረጥ ፍላስኩን ራሱ ከገንዳው የሚያነሳ ሞዴል ይጠይቁ። ከመክፈልዎም በፊት የመስታወቱ አንገት እጅዎ ላይ ካሉት ፍላስኮች ጋር መግጠሙን፣ መገጣጠሚያውን አየር እንዳያስገባ የሚያሽገው ጎሚኒም በአገር ውስጥ መገኘቱን ያረጋግጡ።