ማሞቂያው የደከመው በኤክስቴንሽኑ ነበር

የክፍል ማሞቂያው ሙቀቱ ቀነሰ። ጀርባው ላይ 220 ቮልት፣ 2000 ዋት ይላል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው "የውስጡ ሽቦ አርጅቷል፣ ቀይረው" ነው የሚለው። እኔ ግን መጀመሪያ ልለካው አልኩ።

ቮልቴጅ ለከረንት (በሽቦው ለሚፈሰው ኤሌክትሪክ፣ በአምፔር) ሲካፈል ሬዚስታንስ (ሽቦው ከረንቱን የሚገታበት መጠን፣ በኦም) ይሰጣል፤ በከረንት ሲባዛ ደግሞ ፓወር (በዋት)። ጤነኛ ከሆነ 2000 ለ220 ሲካፈል 9.1 አምፔር መሳብ አለበት። ሬዚስታንሱ ደግሞ 220 ለ9.1 ሲካፈል 24.2 ኦም ገደማ ነው።

እየሠራ ሳለ ከጎኑ ባለው የኤክስቴንሽኑ ባዶ ቀዳዳ ስለካ 198 ቮልት ብቻ አገኘሁ። ሽቦን አቅፎ ከረንት የሚለካው ክላምፕ ሜትር 8.2 አምፔር አነበበ። (አንዱን ሽቦ ብቻ ነው ማቀፍ ያለበት፤ ሁለቱን አንድ ላይ ካቀፈ ዜሮ ያሳያል።) 198 ለ8.2፣ 24.1 ኦም። የውስጡ ሽቦ ደህና ነው! ፓወሩ ግን ወደ 1624 ዋት ወርዷል።

ግድግዳው ሶኬት ላይ 220 ቮልት አለ። ታዲያ 22ቱ ቮልት የት ገባ? ኤክስቴንሽኑ ላይ ነዋ። 22 በ8.2 ሲባዛ 180 ዋት ነው። ይህን ያህል ሙቀት አንድ ቦታ ላይ ሲጠራቀም እሳት ያስነሳል፤ በጣም አስደነገጠኝ። ነቅዬ የኤክስቴንሽኑን ስፒና ስፈታው አንዱ ብሎን ላልቷል፣ ሽቦው ጠቁሯል፣ ፕላስቲኩም መቅለጥ ጀምሯል።

የጠቆረውን ቆርጬ ጣልኩ። አዲስ ስፒና ገጥሜ ብሎኑን ጥብቅ አደረግኩት። አሁን ማሞቂያው ጋ 217 ቮልት ይደርሳል፣ ከረንቱ 9 አምፔር ነው፤ 1953 ዋት ማለት ነው።