የሂደት አሞሌው በየመስመሩ ሲደገም እንዴት አስተካከልኩት

ብዙ ፋይሎችን ተራ በተራ የሚያነብ የፓይተን ፕሮግራም አለኝ። ምን ያህል እንደቀረው ለማየት የሂደት አሞሌ (ሥራው ምን ያህል እንደሄደ የሚያሳይ መስመር) የሚስለውን ቲኪውዲኤም የተባለ የፓይተን መሣሪያ ጨመርኩበት (ስሙ «ተቀዱም» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ ወደፊት መራመድ ማለት ነው)። ግን አሞሌው አንድ መስመር ላይ በመታደስ ፈንታ እየተደጋገመ ተርሚናሉን (ፕሮግራሙ ጽሑፍ የሚያሳይበትን መስኮት) ሞላው።

መጀመሪያ የተርሚናሉ ስፋት መስሎኝ መስኮቱን አሰፋሁት፤ ምንም አልተለወጠም። ጥፋቱ ሉፑ (ለእያንዳንዱ ፋይል የሚደጋገመው የኮድ ክፍል) ውስጥ የተውኩት ፕሪንት፣ ማለትም ጽሑፍ የሚያሳየው ትእዛዝ፣ ነበር። አሞሌው አዲስ መስመር አይጀምርም፤ ጠቋሚውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መልሶ በራሱ ላይ ይጽፋል። ፕሪንት መሃል ሲገባ ጽሑፉ አሞሌው ጫፍ ላይ ይለጠፍና ጠቋሚው ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል፤ አሞሌውም እዚያ እንደ አዲስ ይሳላል። ፕሪንቱን በቲኪውዲኤም ራይት ስተካው መልእክቱ ከላይ፣ አሞሌው ከታች ሆኑ። ይህ ትእዛዝ አሞሌውን ለአፍታ አጥፍቶ፣ መልእክቱን ጽፎ፣ መልሶ ይስለዋል።

መቶኛውም አይታይም ነበር። ፋይሎቹን አንድ በአንድ የሚያቀርበው ጀነሬተር ርዝመቱን ስለማይናገር ነው፤ ቶታል በሚለው አማራጭ የፋይሎቹን ብዛት ሰጠሁት፣ አለቀ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አሞሌው በነባሪነት የሚጻፈው በስታንዳርድ ኤረር (ከመደበኛው ውጤት ተለይቶ ለስሕተት መልእክቶች በተዘጋጀው መውጫ) በኩል ነው። ስለዚህ የፕሮግራሙን መደበኛ ውጤት ወደ ፋይል ብትመሩት እንኳ አሞሌው ስክሪኑ ላይ ይቀራል፤ ይህን በጣም ወድጄዋለሁ።