የደረት ሕመምና የልብ የደም ምርመራ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለልብ ተብለው የሚታዘዙ የደም ምርመራዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ አይመልሱም። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሰሞኑን ተጎድቶ እንደሆነ ያሳያል። ኮሌስትሮልና ስኳር ደግሞ የመጪዎቹን ዓመታት ስጋት ለመገመት ይረዳሉ። አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ሁለቱን ከማደባለቅ ወይም ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት ከመዘንጋት ነው።

ደረት እያመመ መጀመሪያ ላብራቶሪ መሄድ

ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ ወይም የሚጫን፣ ወደ ክንድ፣ አንገት ወይም መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለበት ሕመም በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ አለበት። በስኳር ሕመምተኞችና በአረጋውያን ላይ ትንፋሽ ማጠር ብቻውን ሊታይ ስለሚችል በእነሱ ላይ የበለጠ መጠንቀቅ ይገባል። እዚያ የሚቀድመው ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ነው፤ በደረሱ በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለበት። የልብ ደም ቧንቧ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን ኢሲጂው ካሳየ ሕክምናው የደም ውጤት አይጠብቅም፤ በጠበቁ ቁጥር የሚሞተው ጡንቻ ይጨምራል።

በአንድ ትሮፖኒን ተረጋግቶ ወደ ቤት መመለስ

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ትሮፖኒን በልብ ጡንቻ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ሲሆን ወደ ደም የሚወጣው ጡንቻው ሲጎዳ ነው። ነገር ግን ወዲያው አይታይም። በቀድሞው ዓይነት ምርመራ ከፍ ብሎ ለመታየት ሕመሙ ከጀመረ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ሕመሙ በጀመረ በአንድ ሰዓት የተቀዳ ደም «ኖርማል» ቢል እምብዛም አያጽናናም። ስለዚህ ምርመራው ይደገማል፦ ጥቂት ትሮፖኒንን እንኳ መለየት በሚችለው አዲሱ ዓይነት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ፣ በቀድሞው ከ3 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ። ሐኪሙ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት ይመለከታል። አዲሱን ዓይነት ተጠቅሞ፣ ሕመሙ ከጀመረ ከ3 ሰዓት በላይ አልፎ ውጤቱ እጅግ ዝቅተኛ ከሆነ አንድ ጊዜ ሊበቃ ይችላል፤ ይህን ግን ከኢሲጂው ጋር አይቶ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ከታካሚው የሚጠበቀው ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት በትክክል መናገርና ሁለተኛው ደም ሳይቀዳ አለመውጣት ነው። ሁለቱም ውጤቶች ደህና ቢሆኑ እንኳ፣ በቀላል እንቅስቃሴ ወይም በእረፍት ላይ እየተመላለሰ የሚመጣ ሕመም ቸል አይባልም። ቧንቧው ጠቦ ጡንቻው ገና ካልሞተ ትሮፖኒን ላይጨምር ይችላል።

ትሮፖኒን ከፍ ባለ ቁጥር «ሀርት አታክ ነው» ማለት

የቆየ የኩላሊት ሕመም፣ የልብ ጡንቻ ብግነት፣ ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም፣ በጣም የፈጠነ የልብ ምት፣ ከባድ ኢንፌክሽን፣ ማራቶን መሮጥ እንኳ ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። በኩላሊት ሕመም ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ብሎ ባለበት ይቆያል፤ በሀርት አታክ ግን ይወጣል፣ ከዚያም ይወርዳል። ጉዳቱ ካለፈ በኋላም እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ በደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ምክንያቱ ሌላ ሆነ ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም።

የሁለት ላብራቶሪ ቁጥሮችን ማወዳደር

ትሮፖኒን ቲ እና ትሮፖኒን አይ የተለያዩ ናቸው፤ እያንዳንዱ መሣሪያም የራሱ ወሰን አለው። መለኪያውም ያሳስታል፦ በሚሊሊትር 0.014 ናኖግራም እና በሊትር 14 ናኖግራም አንድ መጠን ናቸው። ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን መለኪያ ሳያዩ «ሺህ እጥፍ ጨመረ» ብሎ መደንገጥ አይገባም።

ባዮቲን መውሰድን አለመናገር

ለፀጉርና ለጥፍር የሚወሰዱ ክኒኖች 5 ወይም 10 ሚሊግራም ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን ሊይዙ ይችላሉ፤ ለአዋቂ በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮግራም ገደማ ነው። አንዳንድ የትሮፖኒን መሣሪያዎች የሚሠሩት በባዮቲን ትስስር ስለሆነ፣ ትርፉ ውጤቱን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ደም ከመቀዳቱ በፊት ይናገሩ፤ ምርመራውን ግን በዚህ ምክንያት አያዘግዩ።

ዲ-ዳይመርን የልብ ምርመራ ማድረግ

ዲ-ዳይመር የረጋ ደም ሲሟሟ የሚቀረውን የፕሮቲን ቁራጭ ይለካል። በዋናነት የሚጠቅመው ስጋታቸው ዝቅተኛ በሆነ ሰዎች ላይ ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው። በእርግዝና፣ በኢንፌክሽን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላና በዕድሜ ስለሚጨምር፣ ከፍ ማለቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ኮሌስትሮልን በተሳሳተ ጊዜ መለካት

ለብዙ ሰው ሳይበሉ መቅረት ግዴታ አይደለም። ትራይግሊሰራይድ (በደም ውስጥ ያለ የስብ ዓይነት) በዴሲሊትር ከ400 ሚሊግራም ካለፈ ግን ከ9 እስከ 12 ሰዓት ምግብ ሳይበሉ መድገም ያስፈልጋል፤ ብዙ ላብራቶሪዎች ኤልዲኤልን («መጥፎ» የሚባለውን ኮሌስትሮል) በቀጥታ ሳይለኩ ከሌሎቹ ቁጥሮች ስለሚያሰሉት ስሌቱ ከዚያ በላይ አይታመንም። ከሀርት አታክ ወይም ከከባድ ሕመም በኋላ ኤልዲኤል ለሳምንታት ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ የዚያን ጊዜውን ቁጥር ይዞ «ኮሌስትሮሌ ደህና ነው» ማለት ያሳስታል። ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚያወርድ መድኃኒት) የጀመረ ሰው ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለካ፤ ውጤቱ ጥሩ ስለሆነ መድኃኒቱን ማቆምም ስህተት ነው፤ ያወረደው መድኃኒቱ ነውና።

ጉንፋን ይዞ ሲአርፒ መመርመር

ሲአርፒ ሰውነት ሲቃጠል (ብግነት ሲኖር) በደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን ነው። ለልብ ስጋት ሲለካ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ብግነት ነው። ካገገሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያስደግሙት።