የጨጓራ ባክቴሪያን በተመለከተ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጨጓራ ሕመምን ሁሉ በበርበሬ፣ በቡናና በጾም ማሳበብ ከሁሉ የተለመደው ስህተት ነው። በርበሬ የቆሰለን ጨጓራ ሊያቃጥል ይችላል፤ ቁስሉን ግን አያመጣም። አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ በ1982 እ.ኤ.አ. በፐርዝ ከተማ ለይተው ሲያገኙና የቁስሉ መንስኤ እርሱ ነው ሲሉ ብዙዎች አላመኗቸውም ነበር። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ የጨጓራ ብግነት እንደሚያስከትል አሳየ፤ ሁለቱም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

«የጨጓራ አሲድ ማንኛውንም ተሕዋስ ይገድላል» ብሎ መዘናጋትም ሌላው ስህተት ነው። የጨጓራን ግድግዳ ከራሱ አሲድ የሚጠብቀው ዝልግልግ ሽፋን ሲሆን፣ ባክቴሪያው ዩሪኤዝ በተባለ ኢንዛይም ዩሪያን ወደ አሞኒያ እየለወጠ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያረክሳል። በዚህ ጊዜ ዝልግልጉ ሽፋን ስለሚቀጥን፣ ባክቴሪያው በጅራት መሰል አካሎቹ እየዋኘ ሰንጥቆት ያልፍና ከግድግዳው ሴሎች ላይ ይጣበቃል። አንዳንድ ዝርያዎች ካግኤ የተባለውን ፕሮቲን በመርፌ እንደሚወጋ ሰው ወደ ሴሉ ውስጥ ይለቃሉ፤ ይህም ሴሎቹን እርስ በርስ የሚያያይዙትን መጋጠሚያዎች ያላላል። አሲዱ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚያቆስለው መከላከያው በዚህ መልክ ከተዳከመ በኋላ ነው።

ለወገብም ሆነ ለራስ ምታት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ምክር ደጋግሞ መውሰድ በዚሁ ላይ ሌላ ጉዳት ይጨምራል፤ እነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራ መከላከያ ሽፋኑን ለማደስ የሚጠቀምበትን ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳሉና። ወተትና ተልባ ለጊዜው ቢያበርዱም ባክቴሪያውን አያጠፉም።

በምርመራ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ብዙም አይነገርለትም፤ በእኔ እምነት ግን ሰውን በከንቱ የሚያንከራትተው እርሱ ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚያመርተውና በደም ውስጥ የሚገኘው ፀረ እንግዳ አካል ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ ታክሞ የዳነ ሰው በደም ምርመራ ብቻ «አሁንም አለብህ» ተብሎ እንደገና መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ኦሜፕራዞል የተባለውን አሲድ ቀናሽ መድኃኒት እየዋጡ መመርመር ባክቴሪያው እያለ የለም ሊያስብል ስለሚችል፣ ሐኪምን አማክሮ ከሁለት ሳምንት በፊት ማቆም ያስፈልጋል።

ሕመሙ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ጋብ ሲል እንክብሉን መተው ደግሞ የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን እንዲላመድ በር ይከፍታል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀናት የሚሰጥ ሲሆን፣ አሲድ ቀናሽ መድኃኒት ቢያንስ ከሁለት ዓይነት ፀረ ባክቴሪያ ጋር ይጣመርበታል፤ የጎረቤትን ትራፊ መድኃኒት መዋጥ ይህን ሊተካ አይችልም። ባክቴሪያው መጥፋቱ የሚረጋገጠው ሕክምናው ካበቃ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ በሚደረግ ምርመራ ነው። ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ሰገራ ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት ያየ ሰው ግን የምርመራ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።