የከሰዓቱ ነጎድጓድ ይበርታ አይበርታ ከጠዋት ጀምሮ እንዴት ይታወቃል?

ደሴ ላይ በበልግ በርበሬ የሚያሰጣ ሰው መጀመሪያ የጦሳን ተራራ ቀና ብሎ ያያል። እኔ ይህን የተማርኩት በእናቴ በርበሬ ነው። የስልክ ትንበያ ለሰፊ አካባቢ ስለሚናገር ተራራና ገደል አይለይም፤ ለአጠቃላይ ግምት ግን አይከፋም።

1. ጠዋት ሙቀቱን ልብ በሉ። ነጎድጓድ እርጥበት፣ ከታች ሞቆ ከላይ የቀዘቀዘ አየር፣ እንዲሁም ሽቅብ የሚገፋው ነገር ይፈልጋል። መግፋቱን ለጦሳ ተዉት። ፀሐዩ ከረር ብሎ ከወበቀ ተጠንቀቁ። ከማለዳው ወፍራም ደመና ከለበሰ ግን መሬቱ ስለማይሞቅ፣ ቢዘንብም አብዛኛውን ጊዜ ረጋ ያለ ነው።

2. ከስድስት ሰዓት በፊት ደመናውን እዩ። እንደ አበባ ጎመን እያበጠ ሽቅብ ከወጣ ልብሱን ከገመድ አውርዱ።

3. የላይኛውና የታችኛው ደመና አካሄድ ይለያያል? ቀጥ ብሎ የቆመ ደመና የራሱ ዝናብ ከታች የሚመጣውን ሞቃት አየር ስለሚቆርጥበት ብዙ ጊዜ በሰዓት ውስጥ ያልቃል። አካሄዱ ከተለያየ ግን ነፋስ ደመናውን ያዘምመዋል፤ ያዘመመው ደመና ዝናቡን ወደ ጎን ስለሚጥል ዕድሜው ይረዝማል፤ በረዶም ያበጃል። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል በረዶው ሳይቀልጥ የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

4. መሬት የማይደርስ ዝናብ አያታልላችሁ። እኔን ያታለለኝ ይኸው ነው። ደመናው ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ዝናቡ እንደ ነጠላ ዘርፍ ተዘርግቶ መንገድ ላይ ይጠፋል። «ይሄማ ጉልበት የለውም» ብዬ ሰሌኑን ሳላነሳ ቡናዬን ቀጠልኩ።

ለካ የሚያስፈራው መትነኑ ነው። ጠብታው በደረቅ አየር ውስጥ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ አየር ይከብዳል፤ የከበደው ቁልቁል ይወረወርና መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው ይበተናል። አንድም ጠብታ ሳይነካን ወጀቡ ሰሌኑን ከነበርበሬው ጎረቤት ጣሪያ ላይ አደረሰው። እናቴ «አብሽር» አለችኝ፤ ፊቷ ግን አላለም። ስለዚህ የተንጠለጠለ ዝናብ አይታችሁ ቀዝቃዛ ነፋስ ድንገት ፊታችሁን ከመታው፣ ያላችሁ ጊዜ የደቂቃዎች ነው።

5. ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ቤት ግቡ፤ ባሕር ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ፤ የጎረቤት ጣሪያ ላይ በርበሬ ለመልቀምም ቢሆን።