የባትሪ ፐርሰንት የሚቆጥረውን ቺፕ ሴቲንግ እንዴት እናስተካክላለን?

30 ፐርሰንት እያሳየ ያለ መሣሪያ ድንገት ድርግም ብሎ ይጠፋል። ቻርጀር ሲሰካለት ይነሳና 28 ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ባትሪውን ይረግማል። አዲስ ይገዛል፤ አዲሱም ያንኑ ያደርጋል። ባትሪው ደህና ሆኖ፣ ፐርሰንቱን የሚያሰላው ቺፕ ስለ ባትሪው የተሳሳተ ነገር ተነግሮት ሊሆን ይችላል። በሰው ጥፋት ባትሪው ይከሰሳል።

ቺፑ ፊውል ጌጅ ይባላል። ስሙን የወሰደው ከመኪና ነዳጅ ጌጅ ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። የመኪናው ጌጅ ታንኩ ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር ስላለው ነዳጁን ይነካዋል። ባትሪ ውስጥ እንደዚያ የሚንሳፈፍ ነገር የለም። ቺፑ የሚያየው ቮልቴጅን፣ ከረንትንና ሙቀትን ነው፤ አንዳንዱ ቺፕ ደግሞ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ያያል። የቀረው ሁሉ ስሌት ነው። ለስሌቱ መነሻ የሚሆኑትን ቁጥሮች የምንሰጠው እኛ ነን። ካልሰጠነው ከፋብሪካ ይዞ በመጣው ቁጥር ይሠራል፤ ያ ቁጥር ደግሞ የእኛን ባትሪ አያውቀውም።

በመጀመሪያ እጃችሁ ላይ ያለው ቺፕ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ። አንዳንዱ ቮልቴጅ ብቻ ያያል። ማክስ17048 እንደዚህ ነው። ሌላው ደግሞ ከባትሪው የሚወጣውንና የሚገባውን ከረንት በትንሽ ሬዚስተር በኩል እየለካ ይደምራል፣ ይቀንሳል። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቢኪው27441 ከዚህ ወገን ነው። ውስጡ ከማይታይ በርሜል ውኃ በጣሳ እየቀዱ እንደመቁጠር ነው። የተቀዳው ስንት ጣሳ እንደሆነ ታውቃላችሁ። በርሜሉ ስንት ጣሳ እንደሚይዝ ካላወቃችሁ ግን የቀረውን መናገር አትችሉም።

እዚህ በቢኪው27441 እንሠራለን። መንገዱ ከገባችሁ የሌሎቹንም ዳታሺት፣ ማለትም አምራቹ የሚያወጣውን የቴክኒክ መግለጫ፣ ማንበብ አይከብዳችሁም።

ኮድ ከመክፈታችሁ በፊት አራት ቁጥሮች

ዳታሺቱ ውስጥ ብዙ ሴቲንግ አለ። ሁሉንም ልንካ ካላችሁ ትጠፋላችሁ። አራቱን በትክክል አስገቡ፤ ሌላውን ለጊዜው ተዉት።

የመጀመሪያው የባትሪው አቅም ነው፤ በሚሊአምፔር ሰዓት ይጻፋል። የባትሪው ሽፋን ላይ ያለውን ሳይሆን የሴሉ (ሽፋኑ ውስጥ ያለው ዋናው ባትሪ) ዳታሺት ላይ ያለውን ውሰዱ። ቢኪው27441 ሲመጣ 1340 ተሞልቶለት ነው። የእናንተ ባትሪ 2000 ከሆነ ቺፑ በርሜሉን አሳንሶ ይገምታል፤ ፐርሰንቱም መጀመሪያ ላይ ከሚገባው በላይ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል።

ሁለተኛው ጉልበት ነው፤ በሚሊዋት ሰዓት። አቅሙን በ3.7 ማባዛት ነው። 2000 ሲባዛ 7400 ይሆናል። አቅሙን ቀይሮ ይህንን መርሳት የተለመደ ስለሆነ ሁለቱን አብራችሁ ቀይሩ።

ሦስተኛው የማብቂያ ቮልቴጅ ነው። ከሁሉም በላይ መታሰብ ያለበት እሱ ነው እላለሁ። ይህ ቁጥር ለቺፑ «ዜሮ ፐርሰንት የምልህ እዚህ ጋ ነው» ይለዋል። ብዙዎች የሴሉን ዳታሺት ከፍተው ዝቅተኛውን ቮልቴጅ፣ ለምሳሌ 3.0ን፣ ገልብጠው ያስገባሉ። ጥያቄው ግን ሴሉ እስከ ስንት ይወርዳል ሳይሆን መሣሪያችሁ በስንት ቮልት ይሞታል የሚለው ነው። ቦርዳችሁ ላይ 3.3 ቮልት የሚሰጥ ሬጉሌተር ካለና ለመሥራት ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ የሚፈልግ ከሆነ፣ መሣሪያው 3.4 አካባቢ ሲደርስ ይወድቃል። ቺፑ ግን ዜሮን 3.0 ላይ ስላደረገው ገና ቻርጅ አለ ብሎ ያምናል። መግቢያው ላይ ያልኩት መሣሪያ 30 ፐርሰንት እያሳየ የጠፋው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለኩት። ባትሪውን አውጥታችሁ መሣሪያውን በሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ አስነሱት። ብዙ ከረንት የሚበላበትን ሥራ አሠሩት፤ ሬዲዮውን አብሩ፣ ስክሪኑን እስከ መጨረሻው አድምቁ። ከዚያ ቮልቴጁን ቀስ በቀስ አውርዱ። የጠፋበትን ቁጥር ጻፉና ትንሽ ጨምራችሁ ያንን አስገቡ። 3.32 ላይ ከጠፋ 3400 ሚሊቮልት ጥሩ ነው። አንድ ነገር አትርሱ፦ ይህ ሴቲንግ ባትሪውን ከጉዳት አይጠብቅም። ከመጠን በላይ ከመውረድ የሚያድነው የጥበቃ ሰርኪዩቱ ነው፤ እሱ ለብቻው መኖር አለበት።

አራተኛው ባትሪው ሞላ የሚባልበት ነው። ሊቲየም ባትሪ ሊሞላ ሲል የሚገባው ከረንት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቻርጀሩም የሆነ ቁጥር ላይ ሲደርስ ይቆርጣል። ቻርጀራችሁ የሚቆርጠው 100 ሚሊአምፔር ላይ ነው እንበል። ለጌጁ የምትሰጡት ቁጥር ከዚያ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ዝቅ ካለ ቻርጀሩ ቀድሞ ይቆርጣል፤ ጌጁ የሚጠብቀው ከረንት ሳይመጣ ይቀራል፤ ባትሪው ሞልቶም ሞላ የሚለው ምልክት አይነሳም። በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ሳይሞላ ሞላ ይላል። 125 እንምረጥ። ቢኪው27441 ይህንን የሚቀበለው በሚሊአምፔር አይደለም፤ አቅሙን ለከረንቱ አንድ አስረኛ አካፍላችሁ ነው። 2000 ሲካፈል ለ12.5 160 ይሆናል። የምታስገቡት 160ን ነው።

ከአራቱ ቁጥር ውጪ አንድ የሚታይ ነገር አለ። ይህ ቺፕ በሁለት መልክ ይሸጣል። ጂ1ኤ የሚባለው 4.2 ቮልት ድረስ ለሚሞላ ሴል ነው፤ ጂ1ቢ ደግሞ ከ4.3 እስከ 4.35 ለሚሞላ። ያለቦታው ከገባ በአራቱ ቁጥሮች አታቃኑትም።

አሁን እንጻፍ

ቺፑ በአይስኩዌርሲ መስመር (ቺፖች በሁለት ሽቦ የሚነጋገሩበት) ላይ አድራሻው ሄክስ 55 ነው፤ ሄክስ በ16 መሠረት የሚቆጠር አጻጻፍ ነው። ከዚህ በታች ያሉት አድራሻዎችና ትዕዛዞች በሙሉ በሄክስ ናቸው።

ሲመጣ የተቆለፈ ስለሆነ ቁልፉን 8000ን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ኮንትሮል ወደሚባለው የትዕዛዝ መቀበያ በመላክ ክፈቱት። ቀጥሎ 0013ን ላኩ። «ሴቲንግ ልቀይር ነው» ማለት ነው። ወዲያው ግን አትጻፉ። አድራሻ 06 ላይ ያለውን ፍላግስ (ቺፑ ያለበትን ሁኔታ የሚናገሩ ምልክቶች) እየደጋገማችሁ አንብቡና ቢት 4 አንድ እስኪሆን ጠብቁ። ይህንን መጠበቅ የዘለለ ኮድ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን እምቢ ይላል።

ከዚያ 61 ላይ 00 ጻፉ፣ 3ኢ ላይ 52፣ 3ኤፍ ላይ 00። አሁን ከ40 እስከ 5ኤፍ ድረስ 32 ባይት ተከፍቶላችኋል፤ አራቱም ቁጥሮች እዚያው ናቸው። አቅሙ 4ኤ እና 4ቢ ላይ፣ ጉልበቱ 4ሲ እና 4ዲ ላይ፣ የማብቂያ ቮልቴጁ 50 እና 51 ላይ፣ 160 የሚገባው 5ቢ እና 5ሲ ላይ።

አሁን ወደ ወጥመዱ ደረስን። እዚህ ብሎክ ውስጥ ትልቁ ባይት ይቀድማል። በመደበኛዎቹ ትዕዛዞች ግን ትንሹ ባይት ነው የሚቀድመው። አንድ ቺፕ ውስጥ ሁለት አጻጻፍ አለ ማለት ነው። 2000 በሄክስ 07ዲ0 ነው። 4ኤ ላይ 07፣ 4ቢ ላይ ዲ0 መግባት አለበት። ከገለበጣችሁት 53255 ይሆናል። እኔን ይህ ነገር ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ምክንያቱም መልሼ የማነብበት ኮድም ይገለብጥ ነበር፤ ገልብጬ የጻፍኩትን ገልብጦ ሲያነብልኝ 2000 ብሎ ያሳየኛል። ስለዚህ የጻፋችሁትን በሌላ በር አረጋግጡ። 3ሲ ላይ አቅሙን ለማንበብ ብቻ የተቀመጠ ትዕዛዝ አለ። ሥራውን ስትጨርሱ እሱ 2000 ካለ እውነትም 2000 ነው።

ቀጥሎ የማረጋገጫ ድምሩ ነው። እሱ ካልተስተካከለ ቺፑ የጻፋችሁትን አይቀበልም። 32ቱን ባይት ደምሩ፣ ለ256 አካፍላችሁ ቀሪውን ውሰዱ፣ ከ255 ቀንሱት፤ ውጤቱን 60 ላይ ጻፉ። አቅሙን ብቻ ከ1340 ወደ 2000 ቀየራችሁ እንበል። የድሮዎቹ ባይቶች 5 እና 60 ነበሩ፤ ድምራቸው 65። አዲሶቹ 7 እና 208 ናቸው፤ ድምራቸው 215። ልዩነቱ 150 ስለሆነ አዲሱ ማረጋገጫ ከድሮው በ150 ያንሳል። የድሮው 200 ከነበረ 50 ይሆናል። 100 ከነበረ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ 256 ትጨምሩና 206 ይሆናል።

ስትጨርሱ 0042ን ላኩ፤ ከሴቲንግ ያስወጣል። ቢት 4 ወደ ዜሮ መመለሱን እዩ። እዚያ ሁነታ ውስጥ እያለ ቺፑ ፐርሰንት መቁጠሩን ያቆማልና አታቆዩት። በመጨረሻ 0020ን ልካችሁ መልሳችሁ ቆልፉት።

ባትሪው ሲነቀል

ቢኪው27441 ሴቲንጉን የሚይዘው መብራት ሲያጣ በሚጠፋ ሜሞሪ ላይ ነው። ባትሪው ከተነቀለ ወይም እስከ መጨረሻው ከደረቀ 1340 ተመልሶ ይመጣል። አንዴ ጽፎ «ጨረስኩ» ማለት አይሠራም። መሣሪያው በተነሳ ቁጥር ፍላግስ ላይ ቢት 5ን እዩ። አንድ ከሆነ ቺፑ ሁሉን ረስቷል፤ እንደገና ጻፉለት። ዜሮ ከሆነ አትንኩት። ያለምክንያት በየጊዜው መጻፍም ጥፋት ነው፤ ቺፑ እየሠራ ስለ ባትሪው የተማረውን ታስረሱታላችሁ።

ሬዚስተሩ

ከረንት የሚለካው ሬዚስተር ብዙ ጊዜ 10 ሚሊኦም ነው። 1 አምፔር ሲያልፍበት 10 ሚሊቮልት ብቻ ይታያል። በዚህ ላይ 1 ሚሊኦም የሚሆን መጥፎ ብየዳ ወይም ቀጭን የቦርድ መስመር ከተጨመረ የከረንቱ ንባብ በ10 ፐርሰንት ይሳሳታል። ይህንን በሴቲንግ ከመሸፈን ብየዳውን ማስተካከል ይሻላል። የመለኪያ መስመሮቹ ከሬዚስተሩ ጫፍ በቀጥታ መነሳት አለባቸው። ለማየት ቀላል ነው፤ ከባትሪው በመልቲሜትር በኩል 500 ሚሊአምፔር ሳቡና ቺፑ ስንት እንደሚል አስተያዩ።

ቮልቴጅ ብቻ የሚያየው ማክስ17048 ሬዚስተርም የአቅም ሴቲንግም የለውም። እሱ የሚፈልገው ሙቀት እንዲነገረው ነው፤ የራሱ የሙቀት መለኪያ የለውም። የምትጽፉለት የሙቀት ማካካሻ ቁጥር በ20 ዲግሪ 151 ነው። ከ20 በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ግማሽ ትቀንሳላችሁ፤ ከ20 በታች ለእያንዳንዱ ዲግሪ 5 ትጨምራላችሁ። በ40 ዲግሪ 141፣ በ10 ዲግሪ 201 ማለት ነው። ብርድ ምን ያህል እንደሚከብደው ከዚህ ታያላችሁ።

አንድ ሙሉ ዙር ፈትኑት

ባትሪውን እስኪሞላ ቻርጅ አድርጉና ለሁለት ሰዓት ሳትነኩት አሳርፉት። ቺፑ ትክክለኛውን የቮልቴጅ ንባብ የሚያገኘው ባትሪው ሲረጋጋ ነው። ከዚያ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ በሆነ ከረንት አድርቁት፤ ለ2000 ባትሪ 400 ሚሊአምፔር ነው። በየደቂቃው ቮልቴጁንና ፐርሰንቱን መዝግቡ። ማብቂያው ላይ ሲደርስ አቁሙና ለአምስት ሰዓት አሳርፉት።

መዝገቡን ስትከፍቱ መጨረሻውን እዩ። ቮልቴጁ 3400 ሲነካ ፐርሰንቱ ዜሮ ወይም አንድ መሆን አለበት። ዜሮ ቀድሞ ደርሶ መሣሪያው ገና እየሠራ ከነበረ ያስገባችሁት አቅም አንሷል። ፐርሰንቱ ከፍ እንዳለ 3400 ከተነካ ደግሞ ወይ አቅሙ በዝቷል፣ ወይ ሴሉ አርጅቷል። ባትሪውን የመለወጥ ሐሳብ ቦታው እዚህ ጋ ነው።